ጣና፣ እምቦጭና የሠራተኛው ወንፈል

የጎንደርና የጎጃም ገበሬ ሁለት የታወቁ የኅብረት ሥራ ልማዶች አሉት። ደቦ ባለጉዳዩ ደግሶ ብዙ ሰው ለአንድ ቀን የሚጠራበት ነው። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ፣ ተራው የሚጠበቅ የጉልበት ብድር ነው። የጣና ሐይቅ በእምቦጭ በተወረረ ጊዜ የታየው የበጎ ፈቃድ ሥራ ከሁለቱ ወደ የትኛው ያደላ እንደ ነበረ መመርመር ለማንኛውም ባለሙያ ትምህርት ሰጪ ነው።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ማብቂያ በቆቃና በአዋሽ፣ በጣና ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ታየ። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ተቆርጦ የቀረ ክፍሉ እንደ ገና ይበቅላል፤ ዘሩም ከ15 ዓመት በላይ በጭቃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የዓሣ አስጋሪው መረብና ታንኳ፣ የደንቢያና የፎገራ ገበሬም የከብት ግጦሽና የእርሻ ዳርቻ ከባድ ችግር ላይ ወደቁ።

የመጀመሪያው ደራሽ ገበሬው ራሱ ነበር፤ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቀለ። ቀጥሎም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ መምህራንና ተማሪዎች ተሰለፉ፤ የግል ድርጅቶችም በመሣሪያ ረዱ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ሁለት መቶ ያህል ወጣቶች «ጣና ኬኛ» እያሉ ነቀላውን ሲቀላቀሉ፣ ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ብቻ አለመሆኑ በአገር ፊት ተገለጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ ድካም ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዘመቻ ሲያበቃ አረሙ አያበቃም። ከዳር የተከመረው እምቦጭ በወቅቱ ካልተወገደ ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል፤ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በዩጋንዳ፣ ቀጥሎም በኬንያ በኩል አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው በዓመታት ውስጥ ሽፋኑ እጅግ ቢቀንስም፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ለም ደለልና ቆሻሻ ስላልቆመ አረሙ እንደ ገና አንሰራርቷል።

የጣናም ነገር ከደጋው ጋር የተያያዘ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከጉና በስተምሥራቅ የምትገኘው የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ውኃዋ ወደ በሽሎ እንጂ ወደ ጣና አይፈስም፤ ሆኖም የተራቆተ ተዳፋት ምን እንደሚያስከፍል ድርቅ ደጋግሞ ያስተማራት አገር ናት። በዚያ በበጋ ወራት በነፃ ጉልበት እርከን የሚሠራው ገበሬና በሐይቁ ዳር እምቦጭ የሚነቅለው ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ጠላት ይዋጋሉ፤ እርሱም የአፈር መታጠብ ነው።

እንግዲህ በጣና ዳር የታየው ልግስና በመልኩ ደቦ ነበር ሊባል ይቻላል፤ የጎደለውም ወንፈል ነው። የከተማው ሠራተኛ አንድ ቀን ነቅሎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢመለስ የገበሬውን ጉልበት አልመለሰም። መሐንዲሱ ማጨጃው ሲሰበር ቢጠግን፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያው የአረሙን ስፋት በየወቅቱ ቢለካ፣ ሐኪሙ ውኃ ውስጥ የዋለውን ሰው ከብልሃርዝያ ቢመረምር፣ ብድሩ በሙያ ይከፈላል። የወንፈል ሕጉ አንድ ነው፤ ተራውን የረሳ ሰው በሚመጣው ዓመት እርሻው ላይ ብቻውን ይቆማል።