ስሕተትን የተሸከሙ ስሞች



ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። የሳይንስን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነውና፥ ሰው በተሳሳተበት ስፍራ ስሙም ተሳስቶ ይቀራል። በዓመታቱ ቍጥር የአውሮፓን አቈጣጠር ተከትለን ጥቂት ምሳሌ እንመልከት።

እንግሊዞች ማላሪያ የሚለውን ቃል የወሰዱት ከኢጣልያንኛ ሲሆን፥ ትርጓሜው «ክፉ አየር» ማለት ነው። በሮማ ዙሪያ በነበረው ረግረግ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በሽታው ከረግረጉ በሚነሣው ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። በ1880 ላቭራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም በአልጄሪያ ሳለ የበሽታውን ተሐዋሲ በሕመምተኛ ደም ውስጥ አየ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር ተሐዋሲውን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። አየሩ ከክሱ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ እንደ ከሰሰው ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። አየሩን የሚፈራ ሰው መስኮቱን ይዘጋል፤ ትንኙን የሚያውቅ ግን የቆመውን ውሃ ያደርቃል፥ አጎበር ይዘረጋል።

ኦክሲጅንም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ ያለዚህ ነገር አሲድ አይገኝም ብሎ ስላመነ፥ ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ኮምጣጣን የሚወልድ» ሲል ሰየመው። በ1810 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ኦክሲጅን የሌለበት አሲድ መኖሩን አስረዳ። ስሙን ግን የለወጠው የለም።

ቫክሲን በአንጻሩ የሆነውን ነገር በታማኝነት የያዘ ስም ነው። ቫካ በላቲን ላም ማለት ነው። በ1796 ጄነር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ ከነበረው የላም ፈንጣጣ ቍስል ወስዶ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ኋላ በፈንጣጣ ሲፈትነው ልጁን አልያዘውም። በ1881 ፓስተር ለጄነር ክብር ሲል ይህ ስም ለሌላው ክትባት ሁሉ እንዲሆን አሳሰበ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አስታወቀ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የባዕድ ቃል ከጠረጴዛህ ላይ ሲደርስና ተርጕም ስትባል፥ አስቀድመህ ታሪኩን ጠይቅ። ማላሪያን ቃል በቃል የሚተረጕም ጸሓፊ የሌላውን ስሕተት ወደ ቋንቋችን ያስገባል። ንዳድ የሚለውን የቀድሞ ቃላችንን ተመልከት፤ ከ«ነደደ» የወጣ ነው። ያወጡት ሰዎች ስለ በሽታው መነሻ ሳይፈርዱ፥ በሽተኛው የሚሰማውን ብቻ ተናገሩ። ስለዚህም የሳይንስ ምርመራ ቢመጣ ቃሉን የሚያሳፍረው ነገር አልተገኘም።