ካሴቱን አስቀምጠን ዴኩን ስንሸጥ



ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «የታሪክ ምንጮችና ቴክኖሎጂ» የሚል ነበር። ሰፊ ርእስ ለተናጋሪ ይመቻል፤ አድማጭን ግን ያደክማል። ስለዚህ ፈቃድ ሳልጠይቅ አጥብቤዋለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ስለ ቪዲዮ ዴክና ስለ ካሴት ነው። ከፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ዴክም ለጌጥ የመጣ አይደለም፤ በመጨረሻ እንሠራበታለን።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በ1987 ዓ.ም. የታላቅ እኅቴ ሠርግ በቪዲዮ ተቀርጾ ነበር። ዴኩን ሙሽራዋ ራሷ ከጅዳ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ነው። ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ሥር፣ እናቴ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ፣ ዕድሜውን በክብር ኖረ። ካሴቱ ላይ አያቴ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ትታያለች፣ ትሰማለች። አያቴ በማግስቱ ዓመት ዐረፈች፤ ድምፅዋ የተቀረጸው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. ግን ፍላት ቴሌቪዥን ገዛሁና አሮጌው ቦታ አጣበበኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ጠራሁትና ቴሌቪዥኑንም ዴኩንም በጥቂት ኪሎ ስኳር ዋጋ ሸጥሁለት። ካሴቱን አልሸጥሁም። ካሴቱ ሰነድ ነዋ! በዚያ ሴሚስተር የማስተምረው ኮርስ የታሪክ አጠናን ዘዴ መሆኑን መናገር የሚያሳፍረኝ ቢሆንም እናገራለሁ።

የብራና መጽሐፍ ከአንባቢው የሚፈልገው ዐይን፣ ብርሃንና የቋንቋ ዕውቀት ነው። አምስት መቶ ዓመት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቢወጣ ይነበባል። የቪዲዮ ካሴት ግን እንዲህ አይደለም። በውስጡ ያለው ከ13 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ የሚጠብ ቡናማ ጥብጣብ ነው፤ በብርሃን ብታዩት ምንም የለበትም። ምስሉ በማግኔት የተጻፈው በአግድመት በተዘነበሉ፣ ከጠጉር ውፍረት በማይበልጡ መስመሮች ነው። እያንዳንዱ መስመር የአንድን ምስል ግማሽ ብቻ ይይዛል። እነዚህን መስመሮች ለማንበብ በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚሽከረከር ከበሮና በላዩ የተተከሉ ጥቃቅን ሄዶች ያስፈልጋሉ። ከበሮው ትንሽ ከተዛነፈ ወይም ቴፑን የሚጎትተው ላስቲክ ከደረቀ መስመሩ ይሳታል፤ ምስሉም በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ካሴቱ ብቻውን ግማሽ ሰነድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ግማሹ ዴኩ ውስጥ አለ። እኔ የሸጥሁት ያንን ግማሽ ነበር።

ይህን ስሕተት ከእኔ በፊት ትልልቅ ተቋማት ሠርተውታል፤ ከእነርሱ ጋር መመደቤ ጥቂት ያጽናናኛል። ለቴሌቪዥን የሚሆነው የመጀመሪያው ተግባራዊ የቪዲዮ መቅጃ አምፔክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በሚያዝያ 1956 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ለዕይታ ቀረበ። ዋጋው ወደ 50,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ቴፑ ሁለት ኢንች ስፋት ነበረው፤ የአንድ ሰዓት ጥቅል 300 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ዕቃው ውድ በመሆኑ ጣቢያዎቹ የተቀረጸውን እያጠፉ በላዩ ሌላ ይቀርጹበት ጀመር። የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማው የ1960ዎቹን እ.ኤ.አ. ክፍሎች በዚህ መንገድ አጥቷል፤ ዛሬም ከ90 በላይ ክፍሎች የሉትም። የአፖሎ 11 ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። በሐምሌ 1969 እ.ኤ.አ. ከጨረቃ የተላለፈው ምስል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚስማማ ስላልነበረ፣ በምድር ጣቢያዎቹ የደረሰውን ምስል በማሳያ ላይ አውጥተው በሌላ ካሜራ እየቀረጹ አሰራጩት። ዓለም ያየው ያንን የደበዘዘ ምስል ነው። ጥራት ያለው የመጀመሪያው ምልክት የተቀረጸባቸውን ቴፖች ናሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲፈልጋቸው፣ ጠፍተው ዳግም ለሌላ ሥራ እንደዋሉ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አስታወቀ።

ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱን በዝርዝር ልናገር።

ከአፖሎ በፊት፣ በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ሉናር ኦርቢተር የተባሉ አምስት መንኮራኩሮች ጨረቃን እየዞሩ ለሰው ልጅ ማረፊያ የሚሆን ቦታ በፎቶግራፍ ፈልገዋል። ከእነርሱ የመጀመሪያው በነሐሴ 1966 እ.ኤ.አ. ምድርን ከጨረቃ አድማስ በላይ ሆና ፎቶ አነሣት። ሕዝብ ያየው ቅጂ የተላጠጠና ጥራት የጎደለው ነበር። ዋናው ምልክት ግን በ1500 ያህል ሰፋፊ ቴፖች ላይ ተቀርጾ ቀረ። ጊዜው ሲያልፍ ቴፖቹ መጋዘን አጣበቡና ይጣሉ የሚል ሐሳብ መጣ። ናንሲ ኢቫንስ የተባሉ የናሳ መዝገብ ቤት ባለሙያ አይጣሉም አሉ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥለው ያደረጉት ነው፤ ቴፖቹን የሚያነብቡ የአምፔክስ ኤፍ አር 900 መሣሪያዎችን አፈላልገው አራቱን አገኙና፣ የሚያስቀምጥላቸው መሥሪያ ቤት ሲጠፋ በገዛ ቤታቸው ጋራዥ አኖሯቸው። እያንዳንዱ መሣሪያ የማቀዝቀዣ ያህል የሚገዝፍ ነው። በዚያ ጋራዥ ሃያ ዓመት ያህል፣ አቧራና የሸረሪት ድር ለብሰው፣ ቆዩ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ዊንጎና ኪት ካውንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ሰምተው መጡ። መሣሪያዎቹ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማእከል ግቢ፣ ከተዘጋ የማክዶናልድ በርገር ቤት ውስጥ ተተከሉ። ጡረታ የወጡ የቴፕ ቴክኒሻኖች ተፈልገው ተጠሩ። ከአንዱ መሣሪያ ዕቃ እየፈቱ ሌላውን ጠገኑ፤ የተበሉት ሄዶችም ታደሱ። በኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. ያቺ የምድር ምስል፣ ተነሥታ 42 ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በሙሉ ጥራቷ ወጣች። ለዚህ ሥራ ቴፖቹ መኖራቸው አይበቃም ነበር። መሣሪያው፣ የመሣሪያው መመሪያና መሣሪያውን በእጁ የሚያውቅ ሰው፣ ሦስቱም አንድ ቤት መግባት ነበረባቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ በሌላ መልክ ይመጣል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ቀለም የተሸጋገረው ኢሠፓ በተመሠረተበት ጊዜ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ሁላችንም ስለ ቴሌቪዥን ታሪክ ስንናገር ይህንኑ እንደግማለን። ነገር ግን የሕዝቡን የምስል ታሪክ፣ ሠርጉን፣ ተዝካሩን፣ ክርስትናውን፣ የምረቃ በዓሉን፣ የያዘው የጣቢያው መዝገብ ሳይሆን በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ካሴት ነው። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስን በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ አንድ ተራ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ታሪክ በድምፅና በምስል የመጻፍ ዕድል አገኘ። እንዲህ ያለ ምንጭ ለማኅበራዊ ታሪክ አጥኚ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይገባኝም።

ካሴቱ አገር ሲያቋርጥ ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመው ነበር። የእኅቴን ሠርግ ቅጂ ዋሽንግተን ለምትኖር አክስቴ ልከን ነበር። አክስቴ ካሴቱን ስታስገባው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይሮጣል፤ ሰው አይለይበትም። የተበላሸ ካሴት ላካችሁልኝ ብላ ዓመት ሙሉ ተቀየመችን። ካሴቱ ግን አልተበላሸም። እኛ እንጠቀምበት የነበረው ፓል የተባለውን ሥርዐት ነው፤ በምስሉ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የተባለውን፣ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ያህል ምስል ያለውን፣ ይጠቀም ነበር። ሁለቱን የሚያጫውት ዴክ ነበረ፤ ነገር ግን በየቤቱ አልነበረም። አክስቴ በመጨረሻ ካሴቱን ገንዘብ ከፍላ አስቀየረችው። ስለ ስደት ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፦ አንድ ትውልድ ከአገር ቤት የመጣለትን የወላጆቹን ፊት ለማየት መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሥርዐት መማር ነበረበት።

አሁን ደስ ወደማይለኝ ክፍል ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የቪዲዮ ክምችቱን እንድመለከት ጋበዘኝ። መዝገብ ቤቱ ንጹሕ ነው። ዩማቲክ የተባሉት ሰፋፊ ካሴቶች፣ ሶኒ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ያቀረባቸው ዓይነት፣ ቁጥርና ርእስ ተጽፎባቸው በመደርደሪያ ተሰልፈዋል። «ማጫወቻውስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤቱ ኀላፊ ሳቅ አሉና «እርሱ እኮ ወደ ንብረት ክፍል ነው» አሉኝ። ወደ ንብረት ክፍል ወረድሁ። ማጫወቻዎቹ ከአሮጌ ወንበርና ከታይፕራይተር ጋር በአንድ ዝርዝር ተመዝግበው በጨረታ ተሸጠዋል። ማንም ሕግ አልጣሰም። ካሴቱ በሰነድነት ይጠበቃል፤ ማጫወቻው ቋሚ ንብረት በመሆኑ ዕድሜው ሲያልቅ ይወገዳል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ቅጽ የለም። ጥፋቱ የሰው ቸልተኝነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቸልተኛ ሰው ይገሠጻል። ይህ ግን በትጋት የተፈጸመ ነው።

ዕቃው እንደገና የሚገዛ ቢሆን አልጨነቅም ነበር። ሶኒ የቤታማክስ ካሴት ማምረቱን በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጨረሻዎቹን የቪኤችኤስ ማጫወቻዎች አምርቶ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለው ዴክ ቁጥሩ ከመቀነስ በቀር አይጨምርም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ መዝገብ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ቴፕ በአብዛኛው እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ነበር። ዩኔስኮም በ2019 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ጥሪ አሰማ። ያ ዓመት አልፏል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ታዲያ አገሩን ሁሉ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን እናድርገው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለ ወፍራም መስታወቱ ቴሌቪዥን ከባድ ነው፣ መብራት ይበላል፣ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለበት፤ በየጓሮው ቢከመር ጉዳት አለው። ሁሉም ይቀመጥ አልልም። ዲጂታል ማድረግ መፍትሔ ነው ለሚሉም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለመገልበጥ የሚሠራ ዴክ ያስፈልጋል፣ የአንድ ሰዓት ካሴትም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በሺህ የሚቆጠር ካሴት ያለው ተቋም በአንድ ዴክ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ማስላት ቀላል ነው። ቴሌቪዥኑ ራሱ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሰነድ ይሆናል። ናም ጁን ፓይክ የተባለው የኮሪያ ተወላጅ ሠዓሊ በ1988 እ.ኤ.አ. በ1003 ቴሌቪዥኖች የገነባው ግንብ በ2018 እ.ኤ.አ. ለደኅንነት ሲባል ጠፍቶ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና በርቷል። የሚበዙት ማሳያዎች በአሮጌው መስታወት እንዲቀጥሉ ታድሰዋል፤ ሊገኝ ያልቻለው ብቻ በጠፍጣፋ ተተክቷል።

ወደ አያቴ ካሴት ልመለስና ላብቃ። ካሴቱን ይዤ ብዙ ቦታ ተንከራተትሁ። በመጨረሻ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዴክ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ካሴቱን ወደ ዴኩ ልከት ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እርሱን ልየው» አሉ። ክዳኑን ከፍተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። «ይህን እንዲህ ብታስገባው ሄዱንም ትገድለዋለህ፣ ቴፑንም ይበላብሃል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ሳምንት ተወው።»

ካሴቱን በብሎን ፈቱት፤ በእጃቸው እያዞሩ በጨርቅ ጠረጉት፤ ወደ ሌላ ቀፎም አዛወሩት። ዴኩን የሠሩት ከሦስት የሞቱ ዴኮች ነው። ቺንጋው ከአንዱ፣ ላስቲኩ ከሌላው፣ ከበሮው ከሦስተኛው። ረዳት እንዳላቸው ስጠይቃቸው ልጆቹ ሞባይል ጥገና እንደሚመርጡ ነገሩኝ፤ አልፈረዱባቸውም። ከእሳቸው ጋር አሁን እስከ ስድስት ሰዓት የሚደርስ ቃለ ምልልስ ቀርጫለሁ፤ ሥራው ይቀጥላል። ለትምህርት ክፍላችንም አንድ የጽሑፍ ጥያቄ አስገብቻለሁ፦ ወደ ክምችታችን የሚገባ ማንኛውም ቴፕ ከማጫወቻው ጋር በአንድ ቁጥር ይመዝገብ፣ አንዱ ሳይወገድ ሌላው አይወገድ የሚል ነው። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ከሠርጉ ካሴት የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ያህል አልተረፈም። ምርቃቱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ተርፏል፤ ድምፁ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። በዲጂታል የተገለበጠውን ማሳየት እችል ነበር፤ ነገር ግን ዴኩን ከፒያሳ እስከዚህ ድረስ በታክሲ በእቅፌ አምጥቼዋለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ቀረብ በሉ፤ ቴሌቪዥኑ 14 ኢንች ነው። እስኪሞቅ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።