ከረሜላው ቀድሞ ደረሰ

መፋቂያ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የሚፋቅበት እንጨት ነው። ቡርሽ ሳይመጣ የአገሩ ሰው ጥርሱን የሚያጸዳው በእሱ ነበር፤ ዛሬም ገና አልቀረም። እንደ ሰቆጣና ዋግ ኽምራ ባለ የሰሜን ደጋ ወይራ ሁሉንም ይሠራል፤ ዱላ ይሆናል፣ ጋን ይታጠንበታል፣ በቀንበጡ ደግሞ ጥርስ ይፋቅበታል። ክትክታም ለመፋቂያ ይቆረጣል።

እስቲ አሠራሩን እንየው። ጫፉ ሲታኘክ ቃጫው ይበተንና ትንሽ ቡርሽ ይሆናል። ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ልስልስ ነገር ያነሳል፤ ማኘኩ ራሱ ደግሞ ምራቅ ያመነጫል፣ ምራቅም አሲድን ያቀልላል። ከዚያ የዛፉ ተራ ይመጣል። አፍን ኮምተር የሚያደርገው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ባክቴሪያን ሲያዳክም ታይቷል። በቆላው የሚበቅለውና ዓረቦች ሚስዋክ የሚሉት ዛፍ ሥር ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድል፣ የሰናፍጭ ዓይነት የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ጥርስ ለምን ይበላል? መልሱ ስኳር ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ጥርስን ይቦረቡራል። የድሮው የደጋ ገበታ ገብስ፣ ጤፍና ባቄላ ነበር። ማር ቢኖርም ለጠጅ፣ ለድግስና ለገበያ ነበር እንጂ ቀኑን ሙሉ አይላስም።

እ.ኤ.አ. በ1954 በኔዘርላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የተቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ደስታ ከረሜላም ከወንጂ ወጣ። ስኳር መንገድና ሱቅ በደረሰበት ሁሉ ደረሰ። የጥርስ ሐኪምና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ግን እንደ ከረሜላ በኪስ ተይዘው ገጠር አይገቡም። መፋቂያውን ብቻውን ከስኳር ጋር ያፋጠጠው ይህ የአደራረስ ቅደም ተከተል ነው።

እንጨቱ ግን በቀላሉ አልተሸነፈም። ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ መፋቂያን ከቡርሽ ጋር አወዳድሮ፣ ቆሻሻ በማንሳት መፋቂያው ከቡርሽ እንደማያንስ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መከረ።

ይህ ማለት ወይራ ተአምረኛ ነው ማለት አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ የገደለ ጭማቂ አፍ ውስጥም ያንኑ ይሠራል ማለት አይቻልም። በጥርስ መሀል መግባት ለመፋቂያ ይከብደዋል፤ የፍሎራይድን ቦታም አይተካም። አለአግባብ ከተፋቀበት ድድ ያቆስላል።

ሳሙናና ቡርሽ ያገኘ ይጠቀም። ላላገኘው የዋግ ልጅ ግን መፋቂያው በነፃ ደጁ ላይ የሚበቅል መከላከያ ነው፤ ያውም ዛፉ እስካለ ድረስ። በሰሜን ደጋ ዛሬ ትልልቅ ወይራ የሚታየው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ለእርሻና ለማገዶ አልቋል። ከረሜላው ግን በየሱቁ አለ።