የላምበርት ፍርሃት

አማርኛችን ለፈሪ የሚሰጠው ስም ብዙ ነው፤ የሚሰጠው ክብር ግን የለም። ፈሪ፣ ቦቅቧቃ፣ ድንጉጥ፣ ወኔ ቢስ እንላለን። ፉከራውና ሽለላው ለጀግና ነው። ለፈሪ የተረፈችው «ፈሪ ለእናቱ» የምትል አጭር ተረት ናት፤ እርሷም ብትሆን ግማሿ ምፀት፣ ግማሿ ርኅራኄ ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ ያደግን ሰዎች ፊልም ስናይም ዐይናችን የሚከተለው ጀግናውን ነው። የሚንቀጠቀጠውን ሰው ግን «ይህ ደግሞ መቼ ይሆን የሚሞተው?» እያልን እንታገሠዋለን። በዚህ ጽሑፍ ላነሣት የምሻው ከእነዚያ ከምንታገሣቸው ሰዎች አንዷን ነው፤ ስሟ ላምበርት ይባላል።

«ኤልየን» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ1979 ነው (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ እንግሊዛዊው ሪድሊ ስኮት ነው። ታሪኩን ዳን ኦባነንና ሮናልድ ሹሴት ጠነሰሱት፤ የፍጡሩን መልክ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ኤች. አር. ጊገር ነደፈው። ፊልሙ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ከአስፈሪ ፊልም ጋር ካጋቡት ሥራዎች ሁሉ በላይ የተወደሰ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2002 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር በሚገኘው የብሔራዊ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ እንዲጠበቅ ተመርጧል።

ታሪኩ ቀላል ነው። «ኖስትሮሞ» የምትባል የጭነት መንኮራኩር 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን ጭና ወደ ምድር ትመለሳለች። በውስጧ ሰባት ሠራተኞችና አንዲት ድመት አሉ። ከረጅም እንቅልፋቸው ሲነቁ አገራቸው የደረሱ ይመስላቸዋል። ነገር ግን መንኮራኩሯ ያነቃቻቸው በመንገድ ላይ ከማይታወቅ ስፍራ የመጣ ምልክት ስለሰማች ነው። ወርደው ያዩታል። ከሰባቱ አንዱ፣ ኬን የተባለው፣ ፊቱ ላይ ባዕድ ፍጡር ተጣብቆበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ በአንድ የመርገፍ ታሪክ ነው። በመጨረሻ የምትተርፈው ሪፕሊ ናት። ስለ ሪፕሊ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባታልም። ስለ ላምበርት የተጻፈው ግን ከሞላ ጎደል «የምታለቅሰዋ ሴት» ከማለት አያልፍም።

የላምበርት የሥራ ድርሻ የመንኮራኩሯን አቅጣጫ መቀየስ ነው። ይህ የሥራ ድርሻዋ ብዙ ተመልካች ልብ የማይለው ነገር ነው። ሁሉም ገና ከእንቅልፍ ነቅተው «ምድር የታለች?» ሲሉ፣ ሰሌዳውን አይታ ከቤታቸው ገና እጅግ ሩቅ መሆናቸውን የምትነግራቸው እርሷ ናት። እንግዲህ ላምበርት የተቀጠረችው «የት ነው ያለነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድትሰጥ ነው። እኔ እንደማየው በፊልሙ ሁሉ ውስጥ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ፍርሃቷ ያው መልስ ነው፤ በሰሌዳ ሳይሆን በፊቷ የተጻፈ መልስ።

ማስረጃውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ዳላስ፣ ኬንና ላምበርት በማይታወቀው ዓለም ላይ ወድቆ ወደተገኘው ባዕድ መርከብ ይገባሉ። ላምበርት «ከዚህ እንውጣ» ትላለች። ኬን ግን እዚህ ድረስ ከመጣን ወደፊት መቀጠል አለብን ይላል። በተለመደው ሚዛን ኬን ደፋር፣ ላምበርት ፈሪ ናት። ኬን ቀጠለ፤ ወደ ጕድጓዱም ወረደ፤ ሞትንም በደረቱ ተሸክሞ ወጣ። የሌሎቹ ዕጣ የተወሰነው ያን ጊዜ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን ሌላውንም መናገር ያስፈልጋል። ኬንን ተሸክመው ሲመለሱ ሪፕሊ የ24 ሰዓት ማግለያ ደንቡን ጠቅሳ በሩን አልከፍትም አለች። ላምበርት በውጭ ከቆሙትና ይከፈትልን ከሚሉት ወገን ነበረች። በዚያች ሰዓት ትክክል የነበረችው ሪፕሊ ናት። በሩን የከፈተው አሽ ነው፤ ሪፕሊም በውሳኔዋ ጸንታ ሳለ ሳትደመጥ ቀረች። እንግዲህ አንዷ ሴት በመርከቡ ውስጥ፣ ሌላዋ በደጁ በር ላይ «ይቅርብን» ብለዋል፤ ሁለቱም አልተሰሙም። ልዩነቱ ሪፕሊ የተናገረችው በደንብ ቋንቋ፣ ላምበርት የተናገረችው በፍርሃት ቋንቋ መሆኑ ነው። ተመልካች በኋላ የመጀመሪያዋን ብልህ አላት፤ ሁለተኛዋን ነዝናዛ።

ቀጥሎ ዳላስ እሳት የሚተፋ መሣሪያ ይዞ ፍጡሩን ለማሳደድ በአየር ማስተላለፊያው ቦይ ውስጥ ይገባል። ላምበርት እንቅስቃሴ የሚጠቁመውን መሣሪያ ትመለከታለች። አንድ ነጥብ ዳላስ ነው፤ ሌላ ነጥብ ወደ እርሱ ይመጣል። ጨለማው ውስጥ ያለነው እኛ ምንም አናይም፤ የምንሰማው የእርሷን ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ይሰበራል፤ «ከዚያ ውጣ!» እያለ ይጮኻል። ያ ትዕይንት በፊልም ታሪክ ከሚታወሱት አስፈሪ ትዕይንቶች አንዱ የሆነው በአውሬው ምክንያት አይደለም። አውሬው የሚታየው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው። ያስፈራን የምታየው ሰው ድምፅ ነው።

ዳላስ ከጠፋ በኋላ አራት ይቀራሉ። ላምበርት አሁንም ትናገራለች፤ መንኮራኩሯን ትተን በአነስተኛዋ የነፍስ አድን መንኮራኩር እንሽሽ ትላለች። ሪፕሊ «አራት ሰው አትይዝም» ብላ ትመልስላታለች። ላምበርትም ዕጣ እንጣል አለች። ፓርከር ዕጣ የሚባል ነገር አልፈልግም፣ ያንን ነገር መግደል ነው የምፈልገው አለ፤ ሐሳቧም ውድቅ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ግን አራተኛው፣ አሽ፣ ሰው መሰል ሮቦት ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ፍጡሩን ወደ ምድር እንዲያመጣለትና የሠራተኞቹ ሕይወት ቢጠፋም ግድ እንደሌለው በምስጢር አዝዞ ነበር። እንግዲህ አንባቢዬ ሒሳቡን ይሥራው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። መንኮራኩሯ ትበቃቸው ነበር። የፈሪዋ ሐሳብ በቁጥርም ቢሆን ትክክል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ ከአሽ በቀር አንድም አልነበረም። ቆይቶ ሪፕሊ ያወጣችው የመጨረሻ ዕቅድ ምን ነበር? ኖስትሮሞን አፈንድቶ በትንሿ መንኮራኩር መሸሽ። የላምበርት «ፍርሃት» የሪፕሊ «ዕቅድ» ሆነ።

አንድ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። አሽ ሪፕሊን ሊገድል ሲል ፓርከር ጭንቅላቱን መትቶ ይጥለዋል። ጭንቅላት የሌለው አካል ግን ተነሥቶ ፓርከርን ያንቀዋል። በዚያች ሰዓት የኤሌክትሪክ መውጊያውን ይዛ በሮቦቱ ጀርባ ላይ የሰካችውና ነገሩን የጨረሰችው ላምበርት ናት። «የምታለቅሰዋ ሴት» የሰው ሕይወት አትርፋለች።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ፍርሃትን ቅዱስ ላደርገው አልሻም። የመጨረሻዋ ሰዓት መራራ ናት። ላምበርትና ፓርከር ለሽሽቱ የሚያስፈልገውን ማቀዝቀዣ ሲሰበስቡ ፍጡሩ በፊቷ ይቆማል። ፓርከር ዘወር በይ እያለ ይጮኻል፤ እርሷ መሐል ስላለች እሳቱን ሊተፋበት አልቻለም። ላምበርት አልተንቀሳቀሰችም። ፓርከር በባዶ እጁ ሊጋጠም ሮጠ፤ ሞተም። ከዚያ እርሷ ሞተች። ሞቷን አናይም፤ ሪፕሊ በርቀት በመነጋገሪያው እንደሰማችው ሁሉ እኛም እንሰማዋለን። ፍርሃት እውነቱን ሊያሳይ ይችላል፤ እግርን ግን ሊያስርም ይችላል። ከሁሉ ቀድማ ያየች ሰው ነገሩ ከፊቷ ሲቆም ያየችው ነገር አደነዘዛት። ሪፕሊም እኮ ትፈራለች። በመጨረሻው ትዕይንት የጠፈር ልብሷን ስትለብስ እየተንቀጠቀጠች፣ እያንጎራጎረች ነው። ልዩነታቸው አንዷ ፈርታ ሌላዋ አለመፍራቷ ሳይሆን የአንዷ እጅ መሥራቱን ሳያቆም መቅረቱ ነው።

ይህ ፍርሃት እንዴት እንደተሠራ ማወቅም ይጠቅማል። ላምበርትን የተጫወተችው ቬሮኒካ ካርትራይት በ1949 በብሪስቶል እንግሊዝ ተወልዳ ወደ አሜሪካ የሄደች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የፊልም ተዋናይት ናት። በ1963 በአልፍሬድ ሂችኮክ «ወፎቹ» ውስጥ በወፍ የምትጠቃዋን ሕፃን ካቲን ተጫውታለች። በ1978 ደግሞ በፊሊፕ ካውፍማን «የሥጋ ነጣቂዎች ወረራ» ውስጥ ናንሲን ሆና ቀርባለች። በዚያ ፊልም ናንሲ የምትተርፈው ስሜቷን ከፊቷ አጥፍታ በባዕዳኑ መካከል እንደ በድን መራመድን በመማሯ ነው። በዓመቱ ያው ፊት በ«ኤልየን» ውስጥ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ያሳያል። በአንዱ ፊልም ፍርሃቷን መደበቋ አኖራት፤ በሌላው ፍርሃቷን መግለጧ አስናቃት።

ካርትራይት በመጀመሪያ ለፈተና ያነበበችው የሪፕሊን ክፍል ነበር። ላምበርትን እንደምትጫወት ያወቀችው ለልብስ ስትጠራ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። እንዲህ የምታለቅስ ሴት መሆንንም አልወደደችውም ነበር፤ ያሳመኗት ላምበርት የተመልካቹ ፍርሃት መሆኗን ነግረዋት ነው። የኦባነን የመጀመሪያ ጽሑፍ ገጸ ባሕርያቱ ወንድም ሴትም ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገልጽ ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ ሴቶች ሲደረጉ ግን፣ ከ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» ጀምሮ ሴት ስትጮኸው የኖረችው ጩኸት ለአንዷ ተሰጠ፤ አዲሱ ዘመን ለሌላዋ።

የኬን ደረት የሚፈነዳበት ትዕይንት በ1978 በለንደን አቅራቢያ በሼፐርተን ስቱዲዮ ተቀረጸ። ተዋንያኑ ፍጡሩ እንደሚወጣ ከጽሑፉ ያውቁ ነበር። ምን ያህል ደም እንደሚረጭ ግን በዝርዝር አልተነገራቸውም። ደሙ በካርትራይት ፊት ላይ ተረጨ፤ ደንግጣም ወደ ኋላዋ ወደቀች። በፊልሙ የምናየው ድንጋጤ ጥቂት ትወና፣ ብዙ እውነት አለበት።

ከፍጡሩ ልብስ ውስጥ የነበረው ሰው ደግሞ ቦላጂ ባዴጆ የተባለ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ናይጄሪያዊ ወጣት ነበር። በሌጎስ ተወልዶ፣ በኢትዮጵያም ቆይታ አድርጎ፣ በለንደን የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ በአንድ መጠጥ ቤት ታይቶ ተመረጠ። ሌላ ፊልም ሳይሠራ በ1992 ገና በ39 ዓመቱ ዐረፈ። ፍጡሩ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በቀሩት ሰዓታት እንድናምንበት ያደረጉን የሰዎቹ ፊቶች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የላምበርት ፊት። ካርትራይት ለዚህ ሥራዋ በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት የሳተርን ሽልማትን አግኝታለች።

ታሪኩ ሲቀጥል አንድ አስገራሚ ነገር እናያለን። በ1986 ጄምስ ካሜሮን ባዘጋጀው ተከታይ ፊልም ውስጥም አንድ ፈሪ አለ፤ ሃድሰን የሚባል ወታደር ነው። ቢል ፓክስተን የተጫወተው ይህ ሰው ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ አለቀልን እያለ ይጮኻል። እርሱም እንደ ላምበርት የተናገረው እውነት ነበር። ፓክስተንም በበኩሉ የሳተርን ሽልማትን ተሸለመ። ይሁን እንጂ ለሃድሰን የተሰጠችው ሞት ሌላ ናት፤ እየተኮሰና እየተሳደበ ወደ ወለሉ ሥር ተጎትቶ ይሞታል። ተመልካቹ ሳቀለት፣ ወደደው፣ ንግግሩንም ለዕለት ቀልዱ ወረሰው። ፍርሃታቸው አንድ ነው። ለወንዱ ግን የመጨረሻ የክብር ደቂቃ ተጻፈለት፤ ለሴቷ ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ተተወላት።

እኔን የሚያሳስበኝ ከፊልሙ ይልቅ እኛ ተመልካቾቹ ነን። እውነትን በረጋ ድምፅ ሲነገረን እንሰማለን፤ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሲነገረን ግን የድምፁን መንቀጥቀጥ እንጂ እውነቱን አናይም። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየአገሩ «ከዚህ እንውጣ» ያሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የተናቁት ስለተሳሳቱ ሳይሆን እያለቀሱ ስለተናገሩ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ሲመጣም የረጋውን ሰው ቃል ይመዘግባል፤ የፈራው ሰው ቃል ጩኸት ተብሎ ይቀራል።

በፊልሙ መጨረሻ ሪፕሊ ብቻዋን ቁጭ ብላ የኖስትሮሞን የመጨረሻ ዘገባ ትቀዳለች፤ የሞቱትንም በየስማቸው ትጠራለች። ከኬን ቀጥሎ የሚጠራው የላምበርት ስም ነው። ሪፕሊ ስሙን ስትጠራ ጀግና ወይም ፈሪ የሚል ቅጽል አትጨምርበትም። ያን ዘገባ የምትቀዳውም ላምበርት «እንሽሽባት» ባለቻት ትንሽ መንኮራኩር ውስጥ ሆና ነው።