ላሪ ዶቢ

ሎውረንስ ዩጂን «ላሪ» ዶቢ (ዲሴምበር 13 ቀን 1923 – ጁን 18 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋችና አሰልጣኝ ነበር። ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊጎች በአንዱ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ዘመኑ

ዶቢ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በካምደን ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ ፓተርሰን፣ ኒው ጀርዚ ሄዶ ትምህርቱን በዚያ ተከታተለ። በዚያን ጊዜ ዋናዎቹ ሊጎች ጥቁሮችን ስለማይቀበሉ፣ በ1942 በጥቁሮች ሊግ ለኒውአርክ ኢግልስ ቡድን መጫወት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል አገልግሎ ተመለሰ፤ በ1946ም ቡድኑ የጥቁሮች ሊግ ሻምፒዮን ሆነ።

ወደ ክሊቭላንድ መዛወሩ

ጃኪ ሮቢንሰን በኤፕሪል 1947 በናሽናል ሊግ መጫወት ሲጀምር፣ ቀደም ብሎ አንድ የውድድር ዘመን በሞንትሪያል በታችኛው ሊግ አሳልፎ ነበር። ዶቢ ግን ይህን የመሰለ መሸጋገሪያ አላገኘም። የክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ባለቤት ቢል ቬክ ከኒውአርክ ገዝቶት፣ ከሮቢንሰን 11 ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 5 ቀን 1947 በቺካጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ከአዲሶቹ የቡድን ጓደኞቹ አንዳንዶቹ እጁን ለመጨበጥ አልፈለጉም። ቡድኑ ለጨዋታ ሲጓዝም ነጮቹ ከሚያርፉበት ሆቴል ተለይቶ የሚያድርባቸው ከተሞች ነበሩ። በዚያ ዓመት በ29 ጨዋታዎች ብቻ ተሰልፎ 32 ጊዜ ለመምታት ቢሞክር የተሳካለት 5 ጊዜ ነበር።

የ1948 ድል

በተከታዩ ዓመት ከሁለተኛ ቤዝ ተነሥቶ ወደ ሜዳው የኋላ ክፍል ተዛወረ፤ ቦታውንም አስከበረ። በወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የፍጻሜ ውድድር) አራተኛ ጨዋታ በቦስተን ብሬቭስ ላይ ሆም ረን መታ፤ ማለትም ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ ነጥብ አስቆጠረ። በዚህ ውድድር ሆም ረን የመታ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ክሊቭላንድ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ዶቢና ነጩ ኳስ ወርዋሪ ስቲቭ ግሮሜክ እየሳቁ ተቃቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ በጋዜጦች ወጥቶ በሰፊው ታወቀ። ክሊቭላንድም ዋንጫውን 4 ለ 2 ወሰደ።

ቀጣይ ሥራውና ክብሩ

ከ1949 እስከ 1955 በየዓመቱ ለሊጉ ምርጥ ቡድን ተመረጠ። በ1952 እና በ1954 በየዓመቱ 32 ሆም ረን በመምታት የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ሆነ። እስከ 1959 በዋናው ሊግ ሲጫወት በጠቅላላው 253 ሆም ረን መትቷል። በ1978 የቺካጎ ዋይት ሶክስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን፣ ከፍራንክ ሮቢንሰን ቀጥሎ በዋናው ሊግ ሁለተኛው ጥቁር አሰልጣኝ ነበር።

ክሊቭላንድ በ1994 መለያ ቁጥሩን 14ን ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ። ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባው ግን በ1998፣ ከሮቢንሰን 36 ዓመት ዘግይቶ ነው።