የጓሳ ጠባቂዎች፦ ከመንዝ የቄሮ ሥርዓት እስከ ተፈጥሮ ሕጋዊ መብት

ወንዝ በስሙ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ደን ከሳሽ ይሆናል ሲባል ለብዙ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ደጃችን ከደረሰ ቆይቷል። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2008 በሕዝበ ውሳኔ ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ተፈጥሮ ራሷ የመብት ባለቤት መሆኗን ደነገገች። ኒውዚላንድ በ2017 ለዋንጋኑይ ወንዝ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠች። የምሥራቅ አፍሪካዋ ዩጋንዳም በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ የአካባቢ ሕግ አንቀጽ 4 ተፈጥሮ የመኖር፣ የመቀጠልና ራሷን የማደስ መብት እንዳላት ጻፈች። ይህን አስተሳሰብ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ሥር ለማስያዝ የሚደክሙ የሕግ ባለሙያዎች፣ ሽማግሌዎችና ማኅበራት አሉ፤ ድካማቸውም የሚደገፍ ነው። ሆኖም የድካማቸው ውጤት የሚወሰነው በድንጋጌው ውበት አይደለም። መብቱ ከመታወጁ በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለ፤ መብቱን ማን ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ የአገራችን ታሪክ ጥሩ መልስ አለው። መልሱም ያለው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ ጓሳ ነው።

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ በመንዝ አምባ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ውርጫም ሜዳ ነው። ከአንድ ወገኑ የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ፣ ከሌላው ወገን የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጅብራው፣ አስታው፣ የጭላዳው መንጋና ቀይ ቀበሮው የታወቁለት ቢሆኑም ስሙን ያገኘው ከአንድ ሣር ነው። የጓሳ ሣር ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ይገመድበታል፣ ከምርግ ጭቃ ጋር ይቦካል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳም ይሠራበታል። ገብስ በውርጭ በሚመታበት፣ እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ሣር ከጠፋ ቤት አይከደንም፣ ከብትም በበጋ የሚግጠው ያጣል። ስለዚህ ሣሩን መጠበቅ ለመንዝ ሰው የኑሮ ጉዳይ ነበር።

የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው ጓሳን ከልለው ለጋራ ጥቅም ያቆዩት የመንዝ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው። አጥኚዎችም የሥርዓቱን አጀማመር ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ያደርሱታል። ቄሮ የሚባለው ይህ ሥርዓት የተመረጠ አለቃ ነበረው፤ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይሉታል። ሥልጣኑ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ መዝጋት፣ መክፈትና መቅጣት። ጓሳ ሲዘጋ የሚዘጋው ለአንድ ወቅት ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጭድ አያርፍበትም፣ ከብት አይገባበትም። ወንዶች ለጥበቃ ይወጣሉ፤ ደንብ ተላልፎ የተያዘም ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ በቂ ቁመት ማግኘቱ ሲረጋገጥና የበጋው ችግር ሲጠና አለቃው መክፈቻውን ያስነግራል። በመጀመሪያ የሚገባው አጫጅ ነው፤ ከብቱ የሚከተለው ከአጨዳው በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሐምሌ 5 የሐዋርያት በዓል ከመድረሱ በፊት ሰውም ከብትም ጓሳን ለቆ መውጣት አለበት። ሣሩ የሚያገግምበት ጊዜ ሁሉም በሚያውቀው በዓል ላይ ስለታሰረ ቀኑን አላወቅሁም ማለት አይቻልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ይነሳል። ቄሮ የተፈጥሮን መብት አላወቀም፤ የሰውን ጥቅም አስጠበቀ እንጂ። አባ ቄራ ለቀይ ቀበሮ ብሎ ሜዳ አልዘጋም። ይህ እውነት ነው፤ አባቶቻችንን የዛሬ ፍልስፍና አስተማሪዎች ማድረግም ታሪክን መበደል ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩን በሚገባ ላየው ሰው የሣሩ ማገገም ከሰዎቹ የዕለት ፍላጎት በላይ ተቀምጦ ነበር። በተዘጋ ዘመን ጎጆው የሚያፈስበት ሰው ስለ ችግሩ ብቻ ሜዳውን አያስከፍትም፤ መክፈቻውን የሚወስነው የሣሩም ሁኔታ ነው። የዩጋንዳው ሕግ ራስን የማደስ መብት ሲል የሚናገረው ነገር በመንዝ በተግባር ይሠራበት ነበር። ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ ቢጀምረውም፣ ሜዳው የራሱ ጊዜ ያለውና ያ ጊዜ የማይጣስ መሆኑን አምኖ ኖሯል። በዚያ ጥላ ሥር ደግሞ ማንም ያላሰበለት ቀይ ቀበሮም ተጠለለ።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የጓሳ ባለመብቶች የአስቦና የጌራ ዘር መሆናቸውን መቁጠር የቻሉ ባለርስቶች ነበሩ። ከእነሱ ያልተወለደ አይካፈልም፤ በውሳኔውም ላይ ድምፅ አልነበረውም። ሥርዓቱ ሜዳውን ጠበቀ፣ ጎረቤቱን ግን አገለለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ቀድሞ ድርሻ ያልነበራቸው ገበሬዎች በጓሳ የመጠቀም መብት ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ፍትሕ ነበር፤ ፍትሕ መሆኑንም መካድ አይገባም። ነገር ግን አዋጁ ባለርስትነትን ሲሽር ጠባቂውንም አብሮ ሻረ። አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ፤ በምትኩ የመጡት የገበሬ ማኅበራት ሜዳውን የመዝጋት ልምድም ሆነ በሰው ዘንድ የተከበረ ቃል አልነበራቸውም። ለዘመናት በዓመታት የሚቆጠር ዕረፍት ያገኝ የነበረው ሣር ዓመት ሙሉ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። የርስት ሥርዓቱን በደል ማስወገድና የጥበቃውን ተቋም ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ በአንድ ብዕር ተሰረዙ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የልቅሶ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። የመንዝ ሰው ግን ሜዳው ሲሳሳ ዝም ብሎ አላየም። ሽማግሌዎችና የየገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ተሰባስበው ከዕድር የተቀዳ አደረጃጀት ያለው ኮሚቴ አቋቋሙ። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ አባልነት በዘር ሐረግ መቆጠሩ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። የቄሮ ጥሩ ጎን፣ ማለትም የታወቀ ድንበር፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜ፣ ቅጣትና የጋራ ጥበቃ፣ ያለ ርስት ሥርዓቱ አድልዎ ለመመለስ ተሞከረ። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. በደንብ ለማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራው ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ ሕጉ ጠባቂ አልፈጠረም፤ ጠባቂው ቀድሞ ተገኘ፣ ሕጉ ደግሞ አጸናው። ልማድ ብቻውን ይበቃል ለሚሉም የጓሳ ታሪክ መልስ ይሰጣል። በሕግ ያልታወቀው ቄሮ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጸንቶ ሳለ በአንድ አዋጅ ፈርሷል። ልማድ ያለ ሕግ መከላከያ የለውም፤ ሕግም ያለ ልማድ ጉልበት የለውም።

ይህ የመንዝ ብቻ እውነት አለመሆኑን የሌላው ዓለም ታሪክ ያሳያል። በኢኳዶር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ወንዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የረታው በ2011 ነው፤ ከመንገድ ሥራ የወጣ ድንጋይና አፈር የተደፋበት የቪልካባምባ ወንዝ። ፍርዱ ታሪካዊ ቢሆንም አፈጻጸሙ ተንጓተተ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሎስ ሴድሮስ ደን የተሰጠውን የማዕድን ፈቃድ ሻረ። በዚህኛው ጉዳይ ከከሳሹ የአካባቢ አስተዳደር ጀርባ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማዕድን አውጪዎችን ሲቃወሙ የኖሩ የኢንታግ ሸለቆ ነዋሪዎች ነበሩ። በኒውዚላንድ የማኦሪ ጎሳዎች ስለ ዋንጋኑይ ወንዝ መንግሥትን መሞገት የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የ2017ቱ ሕግም አንዱ በመንግሥት፣ ሌላው በጎሳዎቹ የሚሰየሙ ሁለት ሰዎች የወንዙ አፍ እንዲሆኑ አደረገ። በሕንድ ግን በዚያው ዓመት የኡታራካንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋንጅስና ያሙና ሕጋዊ ሰው ናቸው ብሎ የክልሉን ባለሥልጣናት ሞግዚት ሲያደርጋቸው፣ ይግባኝ ያለው ክልሉ ራሱ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን በጥቂት ወራት ውስጥ አገደው። ለወንዙ መናገር የማይፈልግ ሞግዚት ከተሾመለት መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

አፍሪካ ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1981 የጸደቀው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 24 ሕዝቦች ለዕድገታቸው የሚበጅ አጥጋቢ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። ኢትዮጵያም ቻርተሩን በ1998 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2017 ኒያሜ ላይ ባደረገው ጉባኤ ቅዱሳን የተፈጥሮ ሥፍራዎችንና የጠባቂዎቻቸውን ልማዳዊ አስተዳደር መንግሥታት እንዲያከብሩ በውሳኔ ቁጥር 372 ጠየቀ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ፍርድ ቤት የማው ደን ነዋሪ የሆኑት ኦጊኤኮች ከኬንያ መንግሥት ጋር ባደረጉት ክርክር መብታቸው መጣሱን ወሰነ፤ ደኑ የሳሳው በእነሱ ነው የሚለውንም መከራከሪያ አልተቀበለም። በዩጋንዳ ደግሞ በአልበርት ሐይቅ ዳር የሚኖሩ የባጉንጉ ሽማግሌዎች የቅዱሳን ሥፍራዎቻቸውን ካርታና የልማድ ሕጋቸውን መልሰው በመጻፍ ላይ ናቸው፤ ይህን የሚያደርጉትም የነዳጅ ቁፋሮ በመጣበት ምድር ነው። የዩጋንዳው አንቀጽ 4 ራሱ መብቱ የሚሠራባቸውን ጥብቅ ሥፍራዎች ሚኒስትሩ በደንብ እንዲወስን ማዘዙ ሲታይ የሽማግሌዎቹ ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ይገባል። ካርታውና ጠባቂው አስቀድመው ካልተዘጋጁ የሚኒስትሩ ዝርዝር በምን ይሞላል?

የእኛም ሕግ ከሚታሰበው በላይ በር ከፍቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታና ክስ ማቅረብ እንዲችል ፈቅዷል። ተፈጥሮን ሕጋዊ ሰው ማድረግ ከሚያስገኛቸው ነገሮች አንዱም ይህን የመሰለ በር ነው። ሆኖም በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት አንድ የመብት ማኅበር ያቀረበው ክስ ሳይሳካ ቀርቷል፤ ወንዞቹም ዛሬ ድረስ የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸካሚ ናቸው። በሩ ክፍት መሆኑ ብቻውን አልበቃም። በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው እንደ ጓሳው ሽማግሌ የተደራጀና ሥልጣኑ የታወቀለት ጠባቂ ቢሆን ኖሮ አንድ ክስ ሲዘጋ ነገሩ አብሮ አይዘጋም ነበር።

በመጨረሻ፣ ድሃ በሆነ አገር የተፈጥሮ መብት ቅንጦት ነው፣ ለተራበ ሰው ሜዳ አይዘጋም የሚል አለ። ለዚህ መልሱ መንዝ ነው። መንዝ ሀብታም አገር ሆኖ አያውቅም፤ ጓሳን የጠበቀውም ድህነቱን ስለሚያውቀው ነው። የተዘጋው ሜዳ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነበር፤ ሲከፈትም የሚከፈተው ችግር በጠናበት በጋ ነው። ድሃን የሚጎዳው መዝጋቱ ሳይሆን እሱን ሳያማክሩ ከላይ መዝጋት ነው፤ ገበሬን አፈናቅለው ፓርክ የከለሉ መንግሥታት ያደረሱት በደል የተፈጥሮ መብት ደጋፊዎችን ሁሉ ሊያስጠነቅቅ ይገባል። መዝጊያውን የወሰነው ተጠቃሚው ራሱ ሲሆን ግን እንደ በደል አይቆጥረውም፤ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በአካባቢያችን የተፈጥሮን መብት ለማስከበር የተነሳ ሁሉ ሥራውን ከረቂቅ አዋጅ አይጀምር። ከጓሳ፣ ከሸካ ደን ጠባቂዎች፣ ከገዳማትና ከአድባራት ደኖች፣ ከባጉንጉና ከኦጊኤክ ሽማግሌዎች ይጀምር። ድንበሩን፣ ጊዜውንና ቅጣቱን ከአፋቸው ይጻፍ፤ በዘር፣ በጾታ ወይም በሃይማኖት የተገለለ ካለ በአዲሱ ሥርዓት ቦታ ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ሕግ አውጪዎች ያንን እንዲያጸኑት ይጠይቅ። ሕግ አውጪዎችም ከ1967ቱ አዋጅ አንድ ትምህርት ይውሰዱ፤ አሮጌ ሥርዓት ስትሽሩ ጠባቂውን አብራችሁ አትሻሩ። መብት የሚጸናው የሚቆምለት ሰው ሲኖረው ነው።