ደመወዝ፣ ነቀርሳና ስድስት ወር፦ የሕመም ፈቃዳችን አጭር ታሪክ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን ወረራ የተረፈልን ነው። ‹ካዜ ኢንቺስ› ማለት የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚያሠራበት ተቋም ቤቶች ማለት ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሙን ጥሎልን ሄደ። ሰፈሩም ከዚያ በኋላ የደመወዝተኛ ሰፈር ሆኖ ኖረ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ሆቴሉ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ተከታትሎ መጣ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም ለረጅም ዓመታት ቢሮው እዚሁ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የአሮጌው ሰፈር ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ቢበተንም፣ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ባለው መንገድ ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣው ሰው አሁንም ወር ጠባቂ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሳታችን አንድ ጥያቄ ስላለን ነው። ወር ጠባቂው ካንሰር ሲይዘው ወሩን ማን ይጠብቅለታል?

አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉታል። ብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም ስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል። ስለ በሽታው ባናወራም ስለ ደመወዙ ግን ማውራት ይቻላል። ሕጉም ታሪክ አለውና ከታሪኩ እንጀምር።

ሕመም የማን ዕዳ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1883 የቢስማርክ ጀርመን የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ አወጣች። ሠራተኛውም አሠሪውም ያዋጣሉ፤ የታመመ ሠራተኛ ለ13 ሳምንታት የደመወዙን ግማሽ ከመድኑ ያገኛል። ቢስማርክ ይህን ያደረገው ለሠራተኛው አዝኖ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶች እንዳይኮበልል ፈርቶ ነው። ሕጉ ግን አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ፦ ሕመም የታማሚው ወይም የአለቃው የግል ዕዳ ሳይሆን የጋራ ዕዳ ነው።

እኛ ዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት የተቀላቀልነው እ.ኤ.አ. በ1923፣ ወደ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ በገባንበት ዓመት ነው። የሠራተኛ ሕግ ግን ዘገየ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትን ደነገገ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ኮንፌዴሬሽኑ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን አናወጣት። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የራሱን የሠራተኛ አዋጅ አወጣ፤ በ1985 ደግሞ ኢሕአዴግ ሌላ አወጣ። በ1996 አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1156 ተከተሉ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ የጀርመኑ ሐሳብ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሲታመም የሚከፍለው የጋራ መድን ሳይሆን አሠሪው ነው፤ እሱም እስከተወሰነ ድረስ።

የስድስት ወሩ ሂሳብ

በ1996ቱ አዋጅ የተጻፈውና በ2011 ሲተካም ሳይነካ ያለፈው ስሌት ይህ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ባልመጣ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ቢበዛ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

እስቲ እንደምረው። በወር 10,000 ብር የምታገኝ አንዲት የሆቴል ሂሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። በመጀመሪያው ወር 10,000፣ በሁለተኛው 5,000፣ በሦስተኛው 5,000፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። በስድስት ወር ውስጥ በጤናዋ 60,000 ብር ታገኝ የነበረችው 20,000 ይዛ ትቀራለች፤ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት (ቁጥር 102) ዝቅተኛው መስፈርት ብሎ ያስቀመጠው 45 በመቶ ለ26 ሳምንታት ነበር። የዛሬ ሰባ ዓመት ‹ዝቅተኛ› ከተባለውም በታች ነን ማለት ነው።

ያው ሴት እጇ በሥራ ቦታ በማሽን ቢቆረጥ ኖሮስ? ያኔ ሌላ ስሌት አለ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል፦ ሦስት ወር በሙሉ፣ ሦስት ወር ከ75 በመቶ በማያንስ፣ ስድስት ወር ከ50 በመቶ በማያንስ ደመወዝ። ሕጉ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ማሽን ከሆነ አሠሪው ይከፍላል፤ የጡት ካንሰር ከሆነ ራስሽ ቻይው።

የመንግሥት ሠራተኛው ትንሽ ሰፋ ያለ ቀን ነበረው፤ አዋጅ ቁጥር 515/1999 በዓመት እስከ 8 ወር፣ በአራት ዓመት እስከ 12 ወር ፈቅዶለት ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ግን ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጭራሽ ውጭ ናት። ለስሌት የሚሆን ወርም አልተሰጣትም።

ካንሰር በዚህ ካላንደር አይሄድም

ስድስት ወር ለወባና ለተሰበረ እግር ይበቃ ይሆናል። ካንሰር ግን የራሱ ካላንደር አለው። ኬሞ ብዙ ጊዜ በሦስት ሳምንት አንዴ እየተሰጠ ከስድስት እስከ ስምንት ዙር ይሄዳል፤ እሱ ብቻውን ከአራት ወር በላይ ነው። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቀዶ ሕክምና አለ። ከዚያ ጨረር፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት።

ይህ እንግዲህ ወረፋ ከሌለ ነው። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ያለው ማዕከል እሱ ብቻ ነበር። ከክልል የሚመጣው ሕመምተኛ ማደሪያ እንኳ አልነበረውም። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተውና በካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማደሪያ እስከ መስጠት የደረሰው ለዚህ ነው። ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር። በኋላ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት ተጨምረዋል፤ ይሁንና የሕመም ፈቃዱ የሚቆጠረው ሕክምናው ከጀመረበት ሳይሆን ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ነው። የመንግሥት ማሽን ወረፋ የሠራተኛዋን ፈቃድ ይበላል ማለት ነው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ስምም የለውም። ፀጉር መብቀል ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንሽ» ይላል። ድካሙ ግን ለወራት አይለቅም፤ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ የቁጥር ረድፍ ያዞራል። ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ታማሚና ጤነኛ። በማገገም ላይ ያለ፣ ግማሽ ቀን መሥራት የሚችል ሰው በአዋጁ ውስጥ የለም።

«መቼ ትገቢያለሽ?»

ጫናው የሚመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ አለቃ ይደውላል፦ «እንዴት ነሽ? እግዜር ይማርሽ»። በሁለተኛው ወር፦ «መቼ ትገቢያለሽ?» በአራተኛው ወር አለቃ ባይደውልም የቤት ኪራይ ይደውላል። ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ኬሞ መካከል ሻሽ አስሮ ቢሮ የሚገባው ጀግና ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ስለሚጠብቀው ነው።

አሠሪውንም ፍርደ ገምድል ሆነን አንውቀስ። አራት ሠራተኛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት ለታመመችውም ለተተኪዋም መክፈል ይከብዳታል። ሁሉ ነገር በአሠሪው ጫንቃ ላይ ሲጫን፣ ደግ አሠሪ ይከስራል፤ ክፉው ሰበብ ይፈልጋል።

ሰበቡም በሕጉ ውስጥ አለ። ሠራተኛው በጤና ምክንያት ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ‹ለዘለቄታው› የሚለውን የሚተረጉመው ማን ነው? ሐኪሙ ወይስ የሰው ኃይል አስተዳደሩ? እዚህ ላይ የተረሳ አንድ ሰነድ እናስታውስ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በኮሎኔል መንግሥቱ አገዛዝ የመጨረሻ ወራት፣ ስለ ሥራ ማቋረጥ የሚደነግገውን ስምምነት ቁጥር 158 አጽድቃለች። ስምምነቱ በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት በቂ የስንብት ምክንያት አይሆንም ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

እድር እስኪደርስ

ሕጉ ከማይደርስበት እድር ይደርሳል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው እድር የተደራጀው ለቀብር ነው። ድንኳኑም ወንበሩም የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ተርፎ ለአሥር ወር ደመወዝ ያጣ ሰው የእድሩ ደንብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም። የጡረታው ሕግም ከሥራ ለተሰናበተ ሕመምተኛ ዕድሜ ልክ አበል የሚሰጠው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው። አምስት ዓመት የሠራች ወጣት ምን ታድርግ?

«ድሃ አገር ነን፣ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል መልስ ሁሌም አለ። የግል ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅም ይኸው ተብሏል፤ ሆኖም መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እስኪደርስ ከፍ እያለ ሄደ፤ ሰማይም አልተደፋም። በ2002 ዓ.ም. የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድን ደግሞ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ፤ እሱም ቢሆን የሐኪም ቤት ወጪን እንጂ የጠፋውን ደመወዝ ለመክፈል የታሰበ አይደለም።

የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። አዋጁ እንደገና ሲከለስ የሠራተኛ ማኅበራት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር ይቅረብ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለውን የሕመም ክፍያ በጋራ መዋጮ የሚሸፍን ፈንድ። ሁለተኛ፣ እንደ ካንሰር ላሉ ረጅም ሕክምናዎች ከስድስት ወር የሚያልፍ ፈቃድ። ሦስተኛ፣ በሐኪም ወረቀት ቀስ በቀስ ወደ ሥራ የመመለስ መብት፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ በኋላ ሙሉ ቀን። እስከዚያው ድረስ ታማሚ ወዳጅ ያላችሁ አንድ ነገር አድርጉላት፦ የሐኪም ወረቀቷ በጊዜው መሥሪያ ቤት መግባቱን፣ ቅጂውም በእጇ መቅረቱን አረጋግጡላት። ሕጉ የሰጣት ትንሽ ነው፤ ያችኑም በወረቀት ጉድለት እንዳታጣ።